ጌታው የሌለበት ደጅ

ያ ቤት ያስወጣኝ ይህን ነው፦ ሥጋቸውን ያልቀመስሁት አምስት በሬ፣ አንዲት ሰጋር በቅሎ፣ ስምንት ጉንዶ ማር፣ ሃያ ዘጠኝ አሞሌ ጨው። ሰማንያ ጠገራ ብርም ነበረ፤ እሱ ግን ኋላ ስለተመለሰልኝ ከወጪ አላገባውም።

እኔ የደብረ ታቦር የታች ገበያ ሰው ነኝ። አባቴ ነጋዴ፣ አያቴም ነጋዴ። በእኛ አገር እስላም ርስት አይወርስም ነበርና፣ መሬት ስላልነበረን እግር አበዛን። ጨው፣ አቡጀዲ፣ ሰም፣ ቆዳ፤ ከእብናት ገበያ እስከ አንበሳሜ ያልረገጥሁት መንገድ የለም። ፊደል የቆጠርሁት ከአንድ ደብተራ ዘንድ ነው፤ እሳቸው ፊደል ሰጡኝ፣ እኔ ለወጣቸው ጨው ሰጠሁ። ማን እንደከሰረ እስከ ዛሬ አልተነጋገርንበትም።

ከኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሥር፣ ወይራና ጥድ የከበበው የመኳንንት ሰፈር አለ። የድሮ ከተማ ነው፤ ግንቡ የቆመው ቅድመ አያቶቻችን ድንጋዩን ሲሸከሙ ነው ይባላል። ሃያ ዓመት ሙሉ ለዚያ ሰፈር ዕቃ ሸጫለሁ፤ ከበሩ አልፌ ግን አላውቅም። ዕቃው ይገባል፣ እኔ እውጭ እቀራለሁ። ዋጋው ይወጣል፤ አንዳንዴም አይወጣም። በር ጠባቂው መዝጊያውን ገርበብ ሲያደርግ በስንጥቁ አያለሁ፤ የማየው የበር ጠባቂውን ጀርባ ብቻ ነው። ሌሊት ከመተኛቴ በፊት፣ እነዚያ ሰዎች ምን ላይ ይቀመጣሉ፣ በምን ይጠጣሉ፣ ሰው ሳይሰማቸው ሲቀር እንዴት ይነጋገራሉ እያልሁ አስብ ነበር። ባለቤቴ፣ «ሌላው ሰው የሚመኘውን ተመኝ» ትለኝ ነበር። ምኞት በገበያ አይመረጥ።

ጣልያን ገባ። ከቤተ ክርስቲያኑ ሦስተኛው ግንብ ቤት ጌታ የነበሩት ፊታውራሪ ጠላትን ሊወጉ ወደ ጉና ዱር ገቡ። ቤተ መንግሥቱን የያዙት ጣልያኖች ነጋሪት አስመትተው፣ ዱር የገባ ሰው ቤት ባዶ ሆኖ ከተገኘ የመንግሥት ነው አሉ። ይህ በተነገረ በሳምንቱ የፊታውራሪ ባለቤት፣ እመቤቲቱ፣ አስጠሩኝ። ያን በር መጀመሪያ ያለፍሁት ያን ጊዜ ነው። በጥንቃቄ ነበር የረገጥሁት፤ መሬቱ ግን እንደ እኛው ሰፈር መሬት ነው።

«ሰማንያ ብር እፈልጋለሁ» አሉኝ ሳያስቀምጡኝ። «ቤቱን በወለድ አገድ ያዝ። አንተ ወለድ አትጠይቀኝ፣ እኔም ኪራይ አልጠይቅህም። ብርህን የመለስሁ ቀን ትወጣለህ። ዛሬ ሰው ካልገባበት ቤቴን ይወስዱታል። ባሌ ሲመለስ የሚገባበት ማጣት የለበትም።»

«እመቤቴ፣ ይህን የሚያህል ጎረቤት ሞልቶዎት ለምን እኔን?»

«ጎረቤቶቼ የርስት ነገር ያውቃሉ። አንዴ ከገቡ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው ዘመዴ ይሆናሉ። አንተን ግን ርስተኛ ነህ የሚል ዳኛ አልተወለደም። ጣልያንም እናንተን አይነካም ይላሉ።»

ስድብ ይሁን ምስጋና ያን ጊዜም አልለየሁት፣ አሁንም አልለየሁት። ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁ፣ በሦስት ምስክር ወረቀት ተጻፈ። ብሩ ወዴት እንደሄደ አልጠየቅሁም። የጉናን ዳገት የሚያውቅ ሰው መጥቶ አንድ ሌሊት አድሮ ሲሄድ አይቻለሁ፤ ያየሁትን ማየትና የማይገባኝን መጠየቅ የተለያየ ንግድ ነው።

ከመስቀል ማግሥት ገባን። እመቤቲቱ ከአንዲት ገረድ ጋር በጓሮ ወዳለችው ትንሽ ቤት ተዛወሩ። ከፎቁ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ግን ቁልፏ ከሳቸው ዘንድ ቀረ። ባለቤቴ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ካየች በኋላ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ይህን ማን ይጠርገዋል?»

በመጀመሪያው ማለዳ በሩን ስከፍት ዘጠኝ ሰዎች ግንቡን ተደግፈው ተቀምጠዋል። በዕድሜ፣ ወይም በማላውቀው ማዕረግ፣ ተራቸውን ጠብቀው ነው የተቀመጡ። ደጅ ጠኚዎች ናቸው። በጌታ ዘመን ባለጉዳይ ሁሉ ማለዳ መጥቶ ከደጅ ይቀመጣል፤ ጌታው ሲወጣ ተነሥቶ እጅ ይነሣል፤ ጉዳዩ እስኪታይለት ወር ይሁን ዓመት እንዲሁ ይመላለሳል። ይህን አውቃለሁ። ያላወቅሁት ጌታው ዱር ከገባ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ሳለ እነዚህ ሰዎች የሚጠኑት ምን እንደሆነ ነው።

ማንም አልተነሣልኝም። ከሁሉ በላይ የተቀመጡት ጥቁር ደበሎ የለበሱ የጉና ግርጌ ሽማግሌ ናቸው። የአንድ ቁራጭ መሬት ክርክር ይዘው ዐሥራ አንድ ዓመት ከዚያ ደጅ ተቀምጠዋል። እንደምን አደሩ ስላቸው በእኔ አሻግረው በሩን አዩ፤ ምሰሶ የቆመባቸው ይመስል ትንሽ ዘንበል ብለው። እኩለ ቀን ሲሆን ተነሥተው ሄዱ። በማግሥቱ ተመለሱ።

እመቤቲቱን ብጠይቃቸው፣ «እነሱን ጠይቃቸው» አሉኝ። እነሱን ብጠይቃቸው እንደ ሽማግሌው በሩን አዩ። ባለቤቴ፣ «ምናልባት ግንቡ ፀሐይ ይዞ ይሆናል» አለች። እኔም ለጊዜው ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

እስከዚያው ሌላው ሌላው የሰፈሩ ነገር ያስደንቀኝ ጀመር። ከቀንድ የተሠሩ ዐሥራ ሁለት ዋንጫዎች ነበሩ። ቤቱን ስረከብ ከመደርደሪያው ላይ አይቻቸዋለሁ፤ አንዱ ጠርዙ ተሸርፏል። ሐሙስ ዕለት የጎረቤታችን የቀኛዝማቹ ቤት ገረድ መጥታ በነጠላዋ ሸፍና ወሰደቻቸው። በሳምንቱ ከቀኛዝማቹ ማዶ ያለው ቤት ልጁን ዳረና እኔንም ጠሩኝ፤ ብርዝ በዋንጫ ቀዱልኝ፤ የተሸረፈው ዋንጫ! ወዲህ ስመለከት ከበታቼ ስጋጃ ተነጥፏል። ያን ስጋጃ አወቅሁት። ከምጽዋ ባስመጣሁት ጭነት ውስጥ የነበረ፣ ጥጉ ላይ የሻማ ጠብታ የነካው ነው፤ እኔው ነኝ የሸጥሁት፣ ግን ለሌላ ቤት።

እንግዲህ የሰፈሩ ሀብት እንዲህ ነበር። ሰባት ቤት፣ አንድ ስጋጃ። ሰባት ጌታ፣ ዐሥራ ሁለት ዋንጫ። ድግስ ካለቀበት ወደ ድግስ ካለበት ሲዞር ይኖራል፤ እንግዳውም በገባበት ቤት ሁሉ ሀብት ያያል። እኔ ደግሞ ለአንዱ ስጋጃ ከሸጥሁ ስድስቱ ጎረቤቶች ቀንተው ይገዙኛል ብዬ ዐሥራ ሁለት ዓመት ጠብቄአለሁ። ለእመቤቲቱ ይህን ስነግራቸው አልሣቁም። «ዋንጫ የሚያድረው የመጨረሻው ድግስ ከተበላበት ቤት ነው» አሉኝ፤ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች እንደሚሉ ዐይነት። «ማን ከማን ያነሰ ሆኖ ይታይ ኖሯል?»

ያችን የተቆለፈች ክፍል ከዚያ ወዲህ ነው ማሰብ ያበዛሁት። ዋንጫው ከዞረ፣ ስጋጃው ከዞረ፣ ታዲያ የማይዞረው ምንድር ነው? ብርም ይሆናል፣ ወርቅ የተለበጠ ኮርቻም ይሆናል። ደረጃውን ስወጣ ሁልጊዜ ከበሯ ፊት ትንሽ እዘገያለሁ።

በጥቅምት መጀመሪያ የጣልያኑ አስተርጓሚ ከሱቄ መጥቶ አንድ ጉንዶ ማር ከወሰደ በኋላ፣ በደጅህ ማለዳ ማለዳ ስብሰባ አለ እየተባለ ነው፤ ካፒቴኑ ስብሰባ አይወድም፤ ቤቱንም ከወደዱት ሰዎች አንዱ ነው አለኝ። እኔም እንደ ነጋዴ አሰብሁ። ቆሞ የሚያውክህን ሰው ትንሽ ነገር ሰጥተህ ታሰናብተዋለህ፤ በገበያ እንዲህ ነው። በማግሥቱ ለዘጠኙም አንድ አንድ አሞሌ ሰጥቼ፣ በሰላም ወደየቤታችሁ ግቡ አልኋቸው። ስምንቱ ተቀበሉ። ሽማግሌው አሞሌዋን ከጎናቸው ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጧት።

በማግሥቱ ዐሥራ ዘጠኝ ሰው መጣ።

ነጋዴ የመጀመሪያውን ስሕተት ሳያውቅ ይሠራል፤ ሁለተኛውን የመጀመሪያውን ለማካካስ ይሠራዋል። ለዐሥራ ዘጠኙም ሰጠሁ፤ ለሽማግሌውም ሁለተኛ አሞሌ ከመጀመሪያዋ ጎን አኖርሁ። በሦስተኛው ቀን ሠላሳ ሆኑ፤ ከእነሱም አንዱ ከሸሪኩ ጋር የተጣላባትን የጋራ አህያ ጉዳይ ሊነግረኝ ጀመረ። እመቤቲቱ ከጓሮ ወጥተው ሠላሳውን ሰው አዩና፣ «ከደጅ ላይ የሰጠ ሰው ጌታ ነው» አሉኝ። «ማን ስጥ አለህ? ብትሰድባቸው ይሻል ነበር።»

ጨው ከገበያ ሲሰጥ ዋጋ ነው፣ ከደጅ ሲሰጥ ግን ጌትነት ነው። አንድ ዓይነት ጨው መሆኑ አይቆጠርም። ይህን የማያውቅ የሰፈሩ ሰው እኔ ብቻ ነበርሁ። የሽማግሌውን ሁለት አሞሌ የጥቅምት ወጨፎ ቀስ እያለ አቀለጣቸው፤ እሳቸውም እያዩ እንዲቀልጡ ተዉአቸው።

ካፒቴኑ የመጣው አንድ ማለዳ ነው፣ ከአራት ወታደርና ከአስተርጓሚው ጋር። ሰዎቹን አላየም። ፎቁን አየ፣ ወደ ሰገነቱ ወጥቶ እስከ ፎገራ ሜዳ ተመለከተ፣ ወርዶ ግንቡን በዱላው መታ መታ አደረገ። እኔ የምገዛትን በቅሎ ጎኗን የምመታው እንዲሁ ነው። ሊገዛ የመጣ ሰው ዐይን ይታወቀኛል፤ ሳይከፍል ሊገዛ የመጣ ሰው ዐይን ደግሞ ይብሱን ይታወቀኛል።

አስተርጓሚው ይህ ቤት የሽፍታ ቤት ነው ተብሎ ለካፒቴኑ እንደተነገረው ነገረኝ፤ የማን ነው ሲል ጠየቀኝ። የወለድ አገዱ ወረቀት ከደረቴ ኪስ ነበር። ቤቱ የፊታውራሪ ነው፣ እኔ አበዳሪ ነኝ ይላል። ካወጣሁት እኔ ንጹሕ ነኝ፤ ቤቱ ግን ጌታው ዱር ነውና በዚያው ሰዓት የካፒቴኑ ነው። አስተርጓሚው ስንት ማሬን በልቷልና ወዳጅነት ተሰምቶት ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወረቀት እንዳለህ አውቃለሁ። አውጣው። ብርህን ከመንግሥት አስከፍልሃለሁ፣ ወደ ታች ወደ ቤትህ ትመለሳለህ። አንተ ምንህ ይነካል?»

እውነቱን ነው። ከእኔ የሚነካ ነገር አልነበረም። ቀና ስል በጓሮው ጥግ የእመቤቲቱን የነጠላ ጥለት አየሁ። ቆመዋል። አልተጠሩም፣ አልመጡም፣ አላለቀሱም። እኔን ብቻ ያያሉ።

ያን ጊዜ ስለ አገር አሰብሁ፣ ስለ አደራ አሰብሁ ብዬ ብጽፍ ያምርልኝ ነበር። ያሰብሁት የተቆለፈችውን ክፍል ነው። ይህ ሰው ከገባ በመጀመሪያው ቀን ቁልፉን ሰብሮ ያያል፤ እኔ ግን ምን እንደነበረባት ሳላውቅ እሞታለሁ። «ቤቱ የኔ ነው» አልሁ።

ካፒቴኑ ሲተረጎምለት ሣቀና ዱላውን ወደ ሠላሳው ሰው ዘረጋ። ነጋዴ ደንበኛ እንጂ እንዲህ ያለ ጭፍራ የለውም አለ። ከዚያ እኔን ትቶ እነሱን አስጠየቀ፤ የማንን ደጅ ነው የምትጠኑ?

 ሁሉም ወደ ሽማግሌው አየ። እኚህ ሰው ሲምሉ፣ «ፊታውራሪ ይሙት» ብለው የሚምሉ ናቸው። ከገባሁ ጀምሮ አንድ ማለዳ እንኳ አልተነሡልኝም። እውነቱን ቢናገሩ የሚወቅሳቸው የለም።

ተነሡ። መጀመሪያ አንድ ጉልበት፣ ቀጥሎ ሌላው። ደበሎውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ ኩታቸውን አደገደጉ፣ በእኔ ፊት እስከ መሬት እጅ ነሡ።

«የማንን ደጅ ልንጠና ኖሯል?» አሉ፤ ወደ አስተርጓሚው ዞረው። «ጌታችን እሳቸው ናቸው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስመላለስ የመሬቴን ጉዳይ አላዩልኝም። ልባቸው ድንጋይ ነው። ፈረንጁ ጌታ ቢቆጡልኝ ደግ ነበር።»

የቀሩት ሁሉ ተነሥተው እጅ ነሡ። ባለ አህያውም የአህያዋን ነገር አነሣ። ካፒቴኑ እኔን አየኝ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ሠላሳ ሰው እጅ ነሥቶኝ አያውቅምና ፊቴ ምን እንደመሰለ አላውቅም። ኋላ አስተርጓሚው እንደነገረኝ፣ ሰውዬው ያመነው በስግደቱ አይደለም። ጌታውን እንዲህ የሚያማ ሎሌ በጌታው ማንነት አይዋሽም ብሎ ነው። ሊወጣ ሲል ግን ከበሩ አጠገብ የታሰረችውን ሰጋር በቅሎዬን አየ፤ ቆመ፤ አንገቷን አሻሸ። «ለእርስዎ ትሁን» አልሁ፤ ሌላ የሚባል አልነበረም። ቤት ሊወስድ መጥቶ በበቅሎ ሄደ።

ሽማግሌው ደበሏቸውን መልሰው ለብሰው ከቦታቸው ተቀመጡ። አጠገባቸው ቁጢጥ አልሁ።

«አባቴ፣ ለምን? ከገባሁ አንድ ቀን አልተነሡልኝም።»

«ዛሬስ መቼ ለአንተ ተነሣሁ?» አሉ። «ለደጁ ነው። ደጅ የሚጠናበት ቤት ባዶ አይባልም። እኛ የቀረን ዕለት ነው ፊታውራሪ የጠፉ። እህል ያለው ይሸፍታል፤ የሌለው ይቀመጣል። እኛ ተቀመጥን።» ደግሞም አሉ፤ «አሁን ግን ጌታ ተብለሃል፣ ያውም በፈረንጅ ምስክር። ግብሩ መቼ ነው?»

ጌታ ደጅ ጠኚውን ማብላት አለበት። በዚያው ሳምንት፣ የገና ጾም ሳይገባ፣ የመጀመሪያውን በሬ ገዛሁ። ክርስቲያን እኔ ያረድሁትን አይበላም፣ እኔም እሱ ያረደውን አልበላም፤ ስለዚህ በሬውን የቀኛዝማቹ ሰዎች አረዱት፣ ከቤቴ አዳራሽ ሠላሳው ሰው ተቀምጦ በላው፣ እኔና ባለቤቴ ከጓዳ ሽሮ በላን። ጠላውን ጎረቤት ጠመቀ፤ የማሩን ብርዝ እኛ አዘጋጀን። ሳልልክባቸው ዐሥራ ሁለቱ ዋንጫዎች መጡ። ስጋጃውም መጣ። የተሸረፈውን ዋንጫ ባለቤቴ ሰባት ጊዜ አጥባ ብርዝ ቀዳችልኝና፣ ከሸጥሁት ስጋጃ ላይ ተቀምጬ ጠጣሁ።

በማግሥቱ እመቤቲቱ ቁልፉን ራሳቸው አመጡ። «እግርህ ከዚያች በር ፊት ሲቆም ከጓሮ እሰማዋለሁ» አሉ። ደረጃውን እሳቸው ቀድመው ወጡ፣ ከፈቱ። ባዶ ነበረች። ተጠርጋለች፤ ከግድግዳው ላይ የጋሻና የኮርቻ መስቀያ እንጨቶች አሉ፣ ከመስቀያዎቹ ላይ ምንም የለም። ከእኔ ብር በፊት እሱ ሁሉ ወደ ጉና ሄዷል። ለምን ትቆለፋለች ታዲያ አልሁ። እመቤቲቱ እንደ ሞኝ አዩኝ። «ባዶ ስለሆነች ነዋ።»

እንዲህ ሆነን አራት ፋሲካ አለፈ፤ በየፋሲካው አንድ በሬ። የመጨረሻው በሬ ከሲታ ነበር፤ ደጅ ጠኚዎቹም ነገሩኝ። ትንንሹን ጉዳይ እኔው እጨርስ ጀመር። የአህያዋን ነገር፣ አንዱ ዋጋ ይጥራ፣ ሌላው በዚያ ዋጋ ይግዛ ወይም ይሽጥ ብዬ በአንድ ማለዳ ጨረስሁት፤ ሰዎቹ እንዲህ ቶሎ የሚያልቅ ፍርድ አያውቁምና ቅር አላቸው። ሽማግሌው ጉዳያቸውን አንድ ቀን አልነገሩኝም። «የኔ የመሬት ነው» ይሉኛል፤ «አንተ የመሬት ነገር ምን ታውቃለህ?»

ጣልያን እጁን በሰጠ ክረምት ፊታውራሪ ጎፈሬያቸውን አሳድገው፣ ከስተው ገቡ። ከበሩ ሲደርሱ ግንቡን ተደግፎ የተቀመጠውን ሰው አዩ፤ ሰዉ ሁሉ በዝናቡ ውስጥ ተነሣ። ፊታውራሪ ሚስታቸውን ከመሳማቸው በፊት እነዚያን ሰዎች አንድ በአንድ ሳሙ። በወሩ ሰማንያ ብሬን ቆጥረው ሰጡኝ፣ ወረቀቱን መለስሁ፣ ከባለቤቴ ጋር ወደ ታች ገበያ ወረድን። እሷ በመንገድ ላይ ቤቱን ስንት ጊዜ እንደጠረገች ስታሰላ ነበር፤ ከዐሥር ሺህ ጊዜ አያንስም ብላ ፈረደች። ዋንጫዎቹን ዐሥራ ሁለቱንም ለፊታውራሪ የመግቢያ ድግስ ከመደርደሪያው ትቻለሁ።

የሽማግሌው ጉዳይም ታየ። ዐሥራ አምስት ዓመት የተጠበቀው ነገር በአንድ ማለዳ አለቀ። ፊታውራሪ ፈረዱባቸው። በማግሥቱ ሽማግሌው ከዚያው ቦታ፣ ከዚያው ድንጋይ ጎን ተቀምጠው ተገኙ፤ ይግባኝ ሊሉ ነው።

ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን ከሱቄ መጡ። ከደበሏቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ከሚዛኑ አጠገብ አኖሩ። የተሸረፈው ዋንጫ ነው።

«እመቤቴ ልከውታል» አሉ። «የተሸረፈውን ለነጋዴው ስጡት፣ ሌላው ሲዞር ይኖራል ብለዋል።» ሱቁን ዞር ዞር ብለው አዩ። «ይህ ደጅ የለውም እንዴ? ሰው ወዴት ይቀመጥበታል?»

አንድ አሞሌ ሰጠኋቸው። ይቺን ከጉያቸው ከትተው ሄዱ።

በሬው፣ በቅሎዋ፣ ማሩና ጨዉ ወጪ ነው። ገቢ፣ አንድ ዋንጫ።